የጣትን ግፊት የሚያውቅ ቁልፍ፦ የሮበርት ሙግ ሕይወት

ከሚሴ፡ ግንቦት 15/2017 ዓ.ም

ባቲ ሰኞ ሰኞ ትደምቃለች። ግመሉን ከአፋር ቆላ የሚነዳው፣ እህሉን ከወሎ ደጋ የሚያወርደው፣ ከብቱን ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቀበሌዎች የሚያመጣው ሁሉ በዚያች ከተማ ገበያ ይገናኛል። የባቲ ስም ግን ከገበያዋም ርቆ ሄዷል። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከሚታወቅባቸው አራት ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰል እና ከአንቺሆዬ፣ አንዱ የሚጠራው በእርሷ ስም ነው።

ማሲንቆ የሚጫወት ሰው የባቲን ቅኝት ሲያወጣ ጣቱን በጭራው ላይ ያንሸራትታል። ድምፁ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ሲሻገር በመካከል ያለውን መንገድ ሁሉ ይነካል። ጣቱን ሲያርገበግብ ድምፁ ይርገበገባል፤ ደጋኑን ጫን ሲያደርግ ይጎላል፤ ላላ ሲያደርግ ይሰልላል። የወሎ መንዙማ የሚያወጣ ሰው ጉሮሮም እንደዚሁ ነው። ዜማው የሚኖረው በማረፊያዎቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው መንገድ ላይም ነው።

ዛሬ በከሚሴም ሆነ በባቲ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነው። ኪቦርድ ብዙ ጥቅም አለው። አንድ ሰው ብቻውን የአንድን ቡድን ሥራ ይሠራበታል። ይሁንና የብዙዎቹ ኪቦርዶች ቁልፍ ሲጫኑት ይሰማል፣ ሲለቁት ዝም ይላል እንጂ ጣቱ በሐዘን ይሁን በደስታ እንደነካው አይለይም። በሁለት ቁልፎች መካከል ያለው መንገድም በቁልፎቹ ብቻ አይገኝም።

ይህን ጉድለት ቀድመው ካዩትና ዕድሜያቸውን ሙሉ ከታገሉት ሰዎች አንዱ ግንቦት 15 ቀን 1926 ዓ.ም ተወለዱ። አሜሪካዊው ኢንጂነር ሮበርት ሙግ ይባላሉ። ዓለም የሚያውቃቸው ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረውን ሲንተሳይዘር የተባለ መሣሪያ ከቁልፍ ሰሌዳ ጋር አጣምረው ለሙዚቀኞች በማድረሳቸው ነው። እርሳቸው ግን ያ የቁልፍ ሰሌዳ የጣትን ስሜት እንዲያውቅ ለማድረግ ከዝናቸው በኋላም ረጅም ዘመን ደክመዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም ከተባለባቸው በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ሙግ የተወለዱት በኒውዮርክ ከተማ ነው። አባታቸው ጆርጅ ሙግ በከተማዋ የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት ውስጥ ኢንጂነር ነበሩ። በቤታቸውም ሽቦ የሚበየድበትና እንጨት የሚቆረጥበት ክፍል ነበራቸው። እናታቸው ደግሞ ልጃቸው ስመ ጥር የፒያኖ ተጫዋች እንዲሆን ይመኙ ስለነበር ዘወትር ፒያኖ ያስለማምዷቸው ነበር። ልጁ ከፒያኖው ተነሥተው ወደ አባታቸው መሥሪያ ክፍል መሄድን ይመርጡ ነበር። ያም ሆኖ ከእናታቸው የወረሱት የሙዚቃ ጆሮና ከአባታቸው የወረሱት የእጅ ሙያ ኋላ ላይ በአንድ ሥራ ተገናኙ።

በ14 ዓመታቸው ቴረሚን የሚባል መሣሪያ ሠሩ። ቴረሚን በ1920 አካባቢ በሩሲያዊው ሊዮን ቴረሚን የተፈለሰፈ ሲሆን ቁልፍም ክርም የለውም። ከሣጥኑ ሁለት አንቴናዎች ይወጣሉ። ተጫዋቹ አንድ እጁን ወደ ቀጥተኛው አንቴና ሲያቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያርቅ ይወፍራል። ሌላውን እጁን ከቀለበቱ አንቴና ሲያርቅና ሲያቀርብ ድምፁ ይጎላል ወይም ያንሳል። መሣሪያውን ማንም አይነካውም፤ ነገር ግን የጣት ቅንጣት እንቅስቃሴ ሁሉ በድምፁ ላይ ይታያል።

ቴረሚንን መጫወት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ እጅ የሚያርፍበት ምልክት የለውምና። ለለመደው ሰው ግን እንደ ሰው ጉሮሮ ያለቅሳል። ሙግ በሕይወታቸው በመጀመሪያ የወደዱት መሣሪያ ይህ መሆኑ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ድምፅ እጅን መከተል እንዳለበት የተማሩት ገና በልጅነታቸው፣ ቁልፍ በሌለው መሣሪያ ነው።

በ1954 በ19 ዓመታቸው ስለ ቴረሚን አሠራር በአንድ የሬዲዮና ቴሌቪዥን መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጡ። በዚያው ዘመን ከአባታቸው ጋር ቴረሚን እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። በኒውዮርክ ኩዊንስ ኮሌጅና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በዚያም በምህንድስና ፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1965 አገኙ። በትምህርት ላይ ሳሉም ሥራቸውን አልተዉም። በ1961 በትራንዚስተር የሚሠራ አዲስ ቴረሚን ነድፈው ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው ክፍሎቹን በሣጥን እያደረጉ ሸጡ። 1,000 ያህል ሣጥን ተሸጠላቸው። የትምህርትና የኑሮ ወጪያቸውን የደጎመው ይህ ነበር።

በ1963 መጨረሻ ሮቸስተር በተባለች ከተማ በተደረገ የሙዚቃ መምህራን ጉባኤ ላይ ኸርበርት ዶይች ከተባሉ መምህርና የዜማ ደራሲ ጋር ተዋወቁ። ዶይች በመቅረጫ ክር ላይ የተቀዱ ድምፆችን እየቆረጡና እየቀጠሉ ሙዚቃ ለመሥራት ይደክሙ ነበር። ለአንድ ደቂቃ ሙዚቃ የብዙ ቀን ቆረጣና ቅጠላ ይጠይቃል። ድምፅን እንደ ልብ የሚያዝዙበት መሣሪያ ይፈልጉ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በ1964 ክረምት በትሩማንስበርግ ተገናኙ። ትሩማንስበርግ በኒውዮርክ ግዛት ገጠራማ ክፍል የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዓለምን የቀየረው መሣሪያ የተወለደው በእርሻ አገር መካከል ባለች በዚህች ከተማ ነው።

የሙግ ሐሳብ በመስኖ ለሚያለማ ገበሬ እንግዳ አይደለም። በመሣሪያው ውስጥ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉ። የመጀመሪያው ኦሲሌተር ይባላል፤ ድምፁን የሚያመነጭ እንደ ምንጭ ያለ ነው። ሁለተኛው ፊልተር ነው፤ ከድምፁ ውስጥ ሻካራውን ያስቀራል፣ ለስላሳውን ያሳልፋል። ሦስተኛው አምፕሊፋየር ነው፤ ምን ያህል ድምፅ እንደሚወጣ ይወስናል። እንግዲህ ምንጩ፣ ማጥለያውና የቦዩ መዝጊያ ማለት ነው።

ከሙግ በፊት እነዚህን ክፍሎች የሚያዝዘው በአብዛኛው በእጅ የሚዞር ማስተካከያ ነበር። ገበሬ እያንዳንዱን መዝጊያ እየዞረ በእጁ እንደሚከፍት ማለት ነው። ሙግ ግን ሁሉም ክፍል በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ በቮልቴጅ እንዲታዘዝ አደረጉ። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፤ ፊልተሩ ይከፈታል፤ አምፕሊፋየሩ ይጎላል። ለድምፁ ቅጥነትም ደንብ አወጡ፤ አንድ ቮልት ሲጨመር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። የትኛውም ቮልቴጅ የትኛውንም ክፍል ማዘዝ ስለሚችል የመሣሪያው ክፍሎች እርስ በርሳቸው ይተዛዘዛሉ። ሐሳቡ በሌሎችም ዘንድ ይብላላ የነበረ ቢሆንም ለሙዚቀኛ እጅ በሚመች መልክ ያቀረቡት ሙግ ነበሩ።

በዚያ ክረምት አንድ ጥያቄ ተነሣ። ድምፁ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያልቅ መሣሪያው በምን ይወቅ? በዚያን ጊዜ ከዕቃ መሸጫ ሱቅ የበር ደወል መጫኛ ተገዛ። ሲጫኑት ድምፁ ይነሣል፤ ሲለቁት ይከስማል። ሙግ ድምፁ በዝግታ ወይም በፍጥነት እንዲነሣና እንዲከስም የሚያደርግ ክፍል ጨመሩበት። ኋላም የደወሉ መጫኛ በፒያኖ መሰል የቁልፍ ሰሌዳ ተተካ። ዶይች የቁልፍ ሰሌዳውን ደገፉ፤ ሙዚቀኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነውና።

አንዳንድ የዘመኑ ሊቃውንት ግን ሥጋት ነበራቸው። አዲስ መሣሪያ በአሮጌ ቁልፍ ከታሰረ አዲስ ሙዚቃ አይወልድም ብለው ያስቡ ነበር። በካሊፎርኒያ በዚያው ዘመን ተመሳሳይ መሣሪያ የሠሩት ዶን ቡክላ የፒያኖ ቁልፍን ትተው ጣት የሚነካቸው የብረት ገበታዎችን መረጡ። ገበያው የፈረደው ለሙግ ነው። ሥጋቱ ግን መሠረተ ቢስ አልነበረም። ከእያንዳንዱ የሲንተሳይዘር ቁልፍ ሥር ያ የበር ደወል ነበረ። ቁልፉ ተጫን ወይም ተለቀቀ ከማለት በቀር ሌላ ነገር አያውቅም። በቴረሚን እጅን ሁሉ ይሰማ የነበረው ድምፅ በቁልፍ ሰሌዳው የእጅን ጠባይ ረሳ።

መሣሪያው በጥቅምት 1964 በኒውዮርክ በተደረገ የድምፅ መሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ታየ። ለጥቂት ዓመታት ከዩኒቨርሲቲዎችና ከማስታወቂያ ሠሪዎች አልፎ አልተሰማም። በ1968 ግን ዌንዲ ካርሎስ የተባሉት ሙዚቀኛ የጀርመናዊውን የባኽን ድርሰቶች በሙግ ሲንተሳይዘር ብቻ ተጫውተው ሸክላ አወጡ። ሸክላው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ሦስት የግራሚ ሽልማቶችንም አገኘ። የሙግ ስም በአንድ ጀምበር በዓለም ተሰማ። በማግሥቱ ዓመት ቢትልሶች ራሳቸው መሣሪያውን በሸክላቸው ላይ ተጠቀሙበት።

ከዚያ ዝና ጀርባ ያለው ታሪክ ብዙም አይነገርም። ካርሎስ ሥራቸውን ሲጀምሩ የደወል መጫኛ የሚመስለው ቁልፍ አላረካቸውም። ጣት ሲመታ የምቱን ኃይል የሚለይ ቁልፍ ጠየቁ። ሙግም እንደ ጥያቄው ንክኪን የሚለይ ልዩ የቁልፍ ሰሌዳ ሠሩላቸው። ይህ ሥራ ለሙግ ትምህርት ሆነ። መሐንዲሱ ከሙዚቀኛው አፍ የሚሰማው ቅሬታ የሚቀጥለው ፈጠራ ዘር መሆኑን ተረዱ። ከዚያ በኋላ ሕይወታቸውን ሙሉ የሙዚቀኞችን ቅሬታ እየሰሙ ሠሩ።

በእርግጥ በዚህ መንገድ ላይ ከሙግ የቀደሙ ሰው ነበሩ። ካናዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሂው ለኬን ከ1945 እስከ 1948 ባለው ጊዜ በራሳቸው እጅ ኤሌክትሮኒክ ሳክበት የተባለ መሣሪያ ሠርተዋል። ቁልፉን ወደ ታች ጫን ሲያደርጉት ድምፁ ይጎላ ነበር። ወደ ጎን ገፋ ሲያደርጉት ከማረፊያው ይንሸራተት ነበር። ግራ እጅ ደግሞ የድምፁን ቀለም ይለውጥ ነበር። ለኬን በ1977 አረፉ፤ መሣሪያቸውም ወደ ገበያ ሳይወጣ ቀረ። የጀመሩት ሐሳብ ግን ሙግ ኋላ ላይ በራሳቸው መንገድ የደከሙበት ሐሳብ ነው።

የሁለቱን ሰዎች ድካም ለመረዳት ዕርፍ የጨበጠ ገበሬን ማሰብ ይበቃል። ገበሬው ዕርፉን ጫን ሲያደርግ ማረሻው ይጠልቃል፣ ላላ ሲያደርግ ከፍ ይላል። መሬቱ ድንጋያማ ሲሆን እጁ ቀድሞ ያውቃል። ዕርፉ ጥልቅ ወይም ጥልቅ ያልሆነ በሚል በሁለት ምርጫ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ማንም ገበሬ አይታገሠውም ነበር። ሙዚቀኛ ግን በቁልፍ ሰሌዳ ላይ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለዓመታት ታግሧል።

በ1970 የሙግ ኩባንያ ሚኒሙግ የተባለውን መሣሪያ አወጣ። የመጀመሪያውን ናሙና የሠሩት ቢል ሄምሳት የተባሉ የኩባንያው መሐንዲስ ሲሆኑ የተጠቀሙትም ከተጣሉ ትርፍራፊ ክፍሎች ነበር። ቀደም ሲል የነበሩት መሣሪያዎች ግድግዳ የሚያክሉና በሽቦ የተወሳሰቡ ነበሩ። ሚኒሙግ ግን በአንድ ሰው ክንድ ሥር የሚያዝ፣ 44 ቁልፎችና ሦስት ኦሲሌተሮች ያሉት፣ ዋጋው 1,500 ዶላር ገደማ የሆነ መሣሪያ ነበር። እስከ 1981 ድረስ ከ12,000 በላይ ተሠርቷል።

ሚኒሙግ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለት ቁልፍ አብረው ቢጫኑ አንዱ ብቻ ይሰማል። ለፒያኖ ተጫዋች ይህ ጉድለት ነው። ለማሲንቆና ለዋሽንት ተጫዋች ግን የታወቀ ነገር ነው። አንድ ድምፅ ብቻ ያለው መሣሪያ ያንን ድምፅ እንደ ሰው ጉሮሮ ማንገላታት ይችላል።

በቁልፎቹ ግራ በኩል ሁለት ትናንሽ መዘውሮች ተገጠሙ። አንደኛው በአውራ ጣት ሲገፋ ድምፁን ከማረፊያው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንሸራትተዋል። ሁለተኛው ድምፁ ምን ያህል እንደሚርገበገብ ይወስናል። ቀኝ እጅ ቁልፍ ሲመርጥ ግራ እጅ ስሜቱን ይሰጣል። ማሲንቆ ላይ ግራ እጅ ድምፅ ሲመርጥ ቀኝ እጅ ደጋኑን ይስባል። ሥራው ተከፋፍሎ ዜማው አንድ ይሆናል። ያን ሐመር የተባሉት የጃዝ ሙዚቀኛ በዚያች መዘውር ሚኒሙግን እንደ ጊታር ማስጮህ ችለው ነበር።

መዘውሩ ትልቅ መፍትሔ ነበር። ሆኖም ቁልፉ ራሱ እንደ ደወል መጫኛ መሆኑ አልቀረም። በቀስታ ቢነኩትም በኃይል ቢመቱት ሚኒሙግ እኩል ይጮኻል። ስለዚህ ከተሸጡት ሚኒሙጎች ጥቂት የማይባሉት በባለሙያ እጅ ተከፍተው ተሻሽለዋል። ይህ ማሻሻል እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በአሮጌ መሣሪያ ጠጋኞች ዘንድ የሚሠራ ሙያ ነው።

አሠራሩ ቀላል ሐሳብ አለው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ቁልፉ ሲወርድ የብረት ዘንግ የሚነካ ቀጭን የሽቦ ምላስ አለ። ይህ ንክኪ የቱ ቁልፍ እንደተጫነና መቼ እንደተጫነ ለመሣሪያው ይናገራል። አሻሻዩ ይህን አይነካውም። ከቁልፎቹ ሁሉ ሥር ሲጫኑት የኤሌክትሪክ ጠባዩ የሚለወጥ ረጅም ስስ ጥብጣብ ያነጥፋል። ቁልፉ ከወረደ በኋላ ጣቱ ይበልጥ ሲጫን ጥብጣቡ ግፊቱን ይቀበላል፤ ግፊቱም ወደ ቮልቴጅ ይለወጣል።

ያ ቮልቴጅ የት ይሂድ? እዚህ ላይ የሙግ የመጀመሪያ ሐሳብ መልስ ይሰጣል። የመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ በቮልቴጅ ስለሚታዘዙ ሚኒሙግ በጀርባው ለኦሲሌተር፣ ለፊልተርና ለድምፅ መጠን ከውጭ ቮልቴጅ የሚቀበሉ መግቢያዎች አሉት። አሻሻዩ የጥብጣቡን ቮልቴጅ ወደ ፊልተሩ ቢልከው ጣት ጫን ባለ ቁጥር ድምፁ ይደምቃል። ወደ ድምፅ መጠን ቢልከው ይጎላል። በጥቂቱ ወደ ኦሲሌተሩ ቢልከው ደግሞ ድምፁ ከማረፊያው ሸርተት ይላል። ሚኒሙግ አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው ለ44ቱም ቁልፎች አንድ ጥብጣብ ይበቃል።

ቮልቴጁ ከልክ እንዳያልፍ መገደብ አለበት። ግፊቱም ለጣት እንዲመች መመጠን አለበት፤ ጥቂት ነክቶ የሚጮኽ ቁልፍም፣ ብዙ ተጭኖ የማይሰማ ቁልፍም ለተጫዋች አይረባም። ጥሩ ጠጋኝ በመጨረሻ የሚያስተካክለው በመለኪያ ብቻ ሳይሆን በተጫዋቹ እጅ ነው። ሙግ ኋላ ላይ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነበር።

የሙግ የንግድ ሕይወት እንደ ፈጠራቸው አልቀናም። ጎበዝ መሐንዲስ እንጂ ጎበዝ ነጋዴ አልነበሩም። የገዢው ቁጥር ሲቀንስና ዕዳ ሲበዛ በ1971 ኩባንያቸው ለሌላ ባለሀብት ተሸጠ። ፋብሪካውም ከትሩማንስበርግ ወደ ቡፋሎ ከተማ አካባቢ ተዛወረ። በ1973 ኖርሊን የተባለ ትልቅ ኩባንያ ገዛው። ሙግ በገዛ ስማቸው በሚጠራው ድርጅት ውስጥ ተቀጣሪ ሆኑ። በ1977 ለቀው ሲወጡ ስማቸው ከኋላቸው ቀረ። ከዚያ በኋላ በሠሩት መሣሪያ ላይ ሙግ የሚለውን ስም በንግድ ምልክትነት መጠቀም አልቻሉም።

በ1978 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ኖርዝ ካሮላይና ተራራማ አገር፣ አሽቪል ከተማ አጠገብ ወዳለ ገጠር ሄዱ። በዚያ ቢግ ብራየር የተባለ አነስተኛ ድርጅት አቋቋሙ። አትክልታቸውን እየኮተኮቱ፣ ቴረሚን እየሠሩ፣ ኋላም በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ኖሩ። ከ1984 እስከ 1988 ድረስ በኩርዝዌይል ኩባንያ የአዳዲስ ምርቶች ምርምር ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል።

በእነዚህ ዓመታት በዝምታ የቀጠሉት አንድ ሥራ ነበራቸው። ጆን ኢተን ከተባሉት የዜማ ደራሲ ጋር ጣትን ሙሉ በሙሉ የሚያውቅ የቁልፍ ሰሌዳ ለመሥራት ተነሥተው ነበር። ሐሳቡ ከ1960ዎቹ መጨረሻ የጀመረ ሲሆን ሰሌዳው የተጠናቀቀው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ሰሌዳው ከእያንዳንዱ ጣት አምስት ነገሮችን ይለያል። ጣቱ በቁልፉ ላይ በስተቀኝ ወይም በስተግራ መሆኑን፣ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሆኑን፣ የጣቱ ጫፍ ምን ያህል የቁልፉን ገጽ እንደሸፈነ፣ ቁልፉ ምን ያህል እንደወረደ፣ ከወረደ በኋላም ምን ያህል እንደተጫነ ይለካል። እያንዳንዱ መለኪያ ወደተለያየ የድምፅ ጠባይ ሊላክ ይችላል። በአንድ ጊዜ ብዙ ቁልፎች ቢጫኑም እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ይሰማል። የጉሮሮና የማሲንቆ ጠባይ በቁልፍ ላይ የተመለሰው በዚህ ዓይነት ነው።

ይህ ሰሌዳ እንደ ሚኒሙግ በብዛት አልተሠራም። ለመሥራት ከባድ፣ ለመጫወትም ብዙ ልምምድ የሚጠይቅ ነበር። ሰው የደወል መጫኛን በአንድ ቀን ይለምዳል፤ ጣትን ሁሉ የሚሰማ ቁልፍ ግን የጣትንም ስሕተት ሁሉ ያሰማል። ማሲንቆ ተምሮ ድምፁ እስኪጠራለት ዓመታት የቆየ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ስሜትን የሚያደርስ መሣሪያ ድካምን አያስቀርም፤ እንዲያውም ድካምን ይጠይቃል። ሙግ ይህን ከቴረሚን ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ያም ቢሆን ሥራውን አልተዉም።

የቀድሞ ኩባንያቸው በ1980ዎቹ ከስሮ ተዘጋ። ሙግም በስማቸው የመጠቀም መብታቸውን ከክርክር በኋላ በ2002 አስመለሱ። በዚያው ዓመት ሚኒሙግን አሻሽለው ቮየጀር የተባለውን መሣሪያ በገዛ ስማቸው አወጡ። ይህ አዲስ መሣሪያ የምቱን ኃይልና ከምቱ በኋላ ያለውን ግፊት የሚለይ የቁልፍ ሰሌዳ ነበረው። ጣት የሚንሸራተትበት ንክኪ የሚያውቅ ገበታም ተጨምሮለት ነበር። አሮጌው ሚኒሙግ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በፈጣሪው እጅ ተሻሻለ ማለት ይቻላል።

በ2005 መጀመሪያ ወራት በአንጎላቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘባቸው። ነሐሴ 15 ቀን 1997 ዓ.ም በ71 ዓመታቸው በአሽቪል አረፉ። ከሞቱ በኋላ ቤተሰባቸው በስማቸው ፋውንዴሽን አቋቁሟል፤ ፋውንዴሽኑ ለሕፃናት የድምፅን ሳይንስ በሙዚቃ ያስተምራል። በ2018 ደግሞ የዓለም የሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ድምፅን እንዲያዝዝ የሚያስችል የጋራ ደንብ አጸደቁ። ሙግና ኢተን ከሃያ ዓመት በላይ የደከሙበት ሐሳብ ዛሬ በሱቅ በሚሸጡ መሣሪያዎች ውስጥ ይገኛል።

የሙግ መሣሪያ የኢትዮጵያን ዜማም ነክቷል። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት አርቲስት ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ ዋሽንግተን ከተማ የኢትዮጵያን ጥንታዊ ዜማዎች በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖና በሙግ ሲንተሳይዘር ተጫውተው በካሴት አሳትመዋል። ካሴቱ ከዓመታት በኋላ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ተሰምቷል። አኮርዲዮን በአየር ይሠራል፤ ተጫዋቹ ወናፉን ሲገፋና ሲስብ ድምፁ እንደ እስትንፋስ ይጎላል፣ ይሰልላል። በዚያ ሥራ ላይ የእስትንፋስ መሣሪያና የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱን የአገር ቤት ዜማ አብረው ተሸክመዋል።

ከዚህ ሰው ሕይወት ለከሚሴና ለባቲ የሚተርፍ ነገር ካለ ይኸው ነው። ኪቦርድ የቅኝት ጠላት አይደለም፤ ማሲንቆም ያረጀ ዕቃ አይደለም። ቁም ነገሩ ከሁለቱ የትኛው ለየትኛው እንደሚታጠፍ ነው። ሠርግ ቤት ኪቦርድ የሚጫወት ወጣት በመሣሪያው ግራ በኩል ያለችውን መዘውር ሳይነካት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ያችን መዘውር በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ በባቲ ማረፊያዎች መካከል ያለውን መንገድ ሲያሰማ ግን፣ ሙግ ከቴረሚን እስከ መጨረሻ ሥራቸው የፈለጉትን ነገር በራሱ ድንኳን ውስጥ ያገኘዋል።

ያንን መንገድ የሚያስተምሩት ደግሞ ሩቅ አይደሉም። በገበያ ቀን ማሲንቆውን አንግቶ የሚመጣው ሽማግሌ ጣቱን በጭራው ላይ ሲያንሸራትት ለሚያዳምጠው ሁሉ ያሳየዋል። መሐንዲሱ ሮበርት ሙግ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁልፍን ለማስተማር የደከሙት ያንኑ የጣት ዕውቀት ነበር።